ሰው ተገኝቷል

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት አራት ኪሎ፣ ጓደኛዬ ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱን ብዘጋውም የሚኒባስ ረዳቱ ድምፅ ይገባል። «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» ይላል። ተዉት ይግባ። የማወራውም ስለ ፒያሳ ነው።

ብዙዎቻችሁ ስለ ውጭ ትምህርት አውሪልን ብላችኋል። ስኮላርሺፕ እንዴት ይገኛል፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል ምናምን። እሱን ቶሎ ልጨርሰው። እኔ የተማርኩት ሃንጋሪ ነው፤ ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በሚባለው የመንግሥታቸው ስኮላርሺፕ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ትምህርቱ ነፃ ነው። ዶርም ይሰጣሉ፤ ካልሆነ፣ እኔ በነበርኩበት ጊዜ፣ ለቤት ኪራይ 40,000 ፎሪንት ያግዙ ነበር። ለማስተርስ ተማሪ በወር የሚከፍሉት 43,700 ፎሪንት ነበር። ቁጥሩ ሲሰማ ብዙ ነው አይደል? እናቴ እልል ብላለች። ዩሮ ሲሆን ግን ከ100 ትንሽ ከፍ ቢል ነው። በወር ነው የምላችሁ! የአውሮፕላን ቲኬቱም ከራስ ነው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ሲሏችሁ ሙሉው እስከ የት እንደሆነ ጠይቁ። የጎደለውን የሚሞላው ቤተሰብ ነው።

የኔን የሞላው አንድ የፒያሳ ግቢ ነው። ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤታችን። የቀበሌ ቤት። ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ። የቲኬቱ ገንዘብ የእናቴ ዕቁብ ነበር። እሱም ቢሆን ዕጣው የእሷ አልነበረም። በዚያ ወር የወጣው ለጎረቤታችን፣ ለቡና አጣጯ ነው። እሳቸው ናቸው «ልጅቷ ትሂድበት፣ እኔ እንደሆን የትም አልሄድ» ብለው የለቀቁላት።

ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ሄድኩ። እስከ ቪየና በአውሮፕላን፣ ከዚያ በባቡር ቡዳፔስት፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። የምማርባት ከተማ ደብረጼን ትባላለች። አትሳቁ፣ ስሟ እንዲሁ ነው። የሃንጋሪ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ «የማን ደብር ነው?» ነው ያለችኝ። ጎረቤት ሲጠይቃት «ደብረ ጽዮን ገባችልኝ» ትል ነበር። ላርማት ሞክሬ ተውኩት። ልጇ ገዳም አጠገብ ያለች መስሏት እንቅልፍ ከወሰዳት ምን ቸገረኝ?

ሻንጣዬን የሞላው ግቢው ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ። ቅቤም ነበረበት። የምትሄዱ ሰዎች ይህችን ያዙ፦ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ በሻንጣ ማስገባት ይከለክላሉ። ቅቤና ቋንጣ አይገባም። እኔ ቦሌ ላይ ለእናቴ ነግሬያት አወጣነው። ደብረጼን ደርሼ የበሶውን ጣሳ ስከፍት፣ መሐሉ ላይ በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ ቅቤ ተቀምጧል። መቼ እንደመለሰችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በርበሬው የካቲት ላይ አለቀ። ሃንጋሪዎች ደግሞ ፓፕሪካ አላቸው። ቀይ፣ የተፈጨ፣ በየሱቁ በከረጢት የተደረደረ። መልኩ ቁርጥ የኛ በርበሬ ነው። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ሽንኩርት አቁላልቼ፣ አራት ማንኪያ ሞልቼ ጨመርኩ። ቀመስኩት። ምንም የለም! ይጣፍጣል እንጂ አያቃጥልም። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው «ኤዴሽ» ጣፋጭ ማለት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ሕንዳዊት ነበረች። እሷም ቀምሳ ዝም አለች። ሁለታችንም ድስቱን እያየን ቆምን።

በማግሥቱ ለእናቴ ነገርኳት። ሳምንት ሳይሞላ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣ። «ሰው ተገኝቷል።» ቤተሰቡ ውጭ ያለ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። የሚሄድ ሰው ተገኝቷል፣ ዕቃ ይዞልሽ ይመጣል ማለት ነው። ብራችን እዚያ አይመነዘርም፤ ቦሌን ካለፈ ወረቀት ነው። በርበሬ ግን የትም ይመነዘራል። ችግሩ ሰው የሚገኘው እኔ ያለሁበት አለመሆኑ ነው። ለእናቴ አውሮፓ አንድ ግቢ ነው። «ቪየና ነው፣ አንቺ ጋ ቅርብ ነው አሉኝ» ትለኛለች። ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ ነኝ። ሁለት ኪሎ በርበሬ ላመጣ የከፈልኩትን ቲኬት ባሰላው፣ ቀልድ ነው። ሄድኩ ግን። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ።

ስለ ባህል ጠይቃችሁኛል። ምን ልበላችሁ፣ ትልልቁ ነገር አይደለም የሚከብደው። ሲገናኙ «ሲያ»፣ ሲለያዩ «ሄሎ» ይሉሃል። ለአንድ ወር ሰው ሁሉ ሊሰናበተኝ ሲል መልሼ ወሬ እጀምር ነበር። ታኅሣሥ ላይ በኛ 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። በር አንኳኩቶ «ቡና ደርሷል» የሚል የለም። ክፋት አይደለም፤ ሳይጠሩት የሰው ቤት መሄድ ነውር ነው እዚያ። ገብቶኛል። ቢገባኝም ቅዳሜ ከሰዓት በሩን አያለሁ።

የስሙ ነገር ደግሞ አለ። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። ስለዚህ ካርዴ ላይ የአባቴ ስም ቀደመ፣ የኔ ተከተለ። በየቢሮው፣ በየሰልፉ የሚጠሩኝ በአባቴ ስም ነው። አባቴ ያረፈው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ላይ «እኔ እሱ አይደለሁም» ብዬ ላስረዳ እሞክር ነበር። አንድ ቀን ለእናቴ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። ትንሽ ዝም አለችና «ይጥሩት» አለችኝ። «እዚህማ ማን ይጠራዋል።» ከዚያ በኋላ አስረድቼ አላውቅም። ሲጠሩት አቤት እላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወል ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩ ረከቦቱ ላይ ተቀምጦ፣ ግቢው ሁሉ በየተራ ይጮህብኛል። «ከሳሽ ወይ?» «ብርዱስ?» አንዳንዴ እነ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ትዝ ይሉኛል። ከአድዋ በኋላ በልጅነቱ ሩሲያ ሄዶ መድፈኝነት የተማረው፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ሰውዬ። በዚያ ዘመን አንድ ደብዳቤ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ስንት ወር ይፈጅ ይሆን? እኔ በየሳምንቱ የቡና ሲኒ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ግን ድምፁ ቀረበ ማለት ሁሉ ተነገረ ማለት አይደለም።

እኔ እዋሽ ነበር። ማታ ማታ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ፤ ለእሷ ግን ላይብረሪ ነኝ። አንድ ኮርስ ወድቄ ደግሜያለሁ፤ አልነገርኳትም። ዕጣ የለቀቁልኝ ሴትዮ አጠገቧ ተቀምጠው እንዴት ወደቅሁ እላለሁ? እርዳታ እንዲህ ያደርጋል። ያቆማችኋል፤ ደክሞኛል እንዳትሉ ደግሞ አፋችሁን ይይዛል።

መጋቢት 2016 ላይ የፒያሳ መፍረስ ቪዲዮ ስልኬን ሞላው። ደወልኩ። «ወደኛ አልደረሰም» አለችኝ። በሳምንቱም «አልደረሰም»። ካሜራ ክፈቺ ስላት «ካሜራው ተበላሽቷል»። የቅዳሜው ቡና ቀረ። «ፆም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ» አለችኝ። ዐቢይ ፆም ስለነበር አመንኩ። ፋሲካ አልፎም ስጠይቅ ሌላ ምክንያት ነበራት። እውነት ለመናገር ማመን ፈልጌ ነበር። ተመራቂ ነኝ፣ ጽሑፌን እየጨረስኩ ነው፣ ማመኑ ይቀለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ መጣሁ። ቦሌ ተቀበለችኝ። መኪናው ወደ መስቀል አደባባይ ይታጠፋል ስል በቀለበት መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄደ። «ሹፌሩ ተሳሳተ» አልኳት። «አልተሳሳተም» አለችኝ። እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ኮንዶሚኒየም። ቤቱ ንፁሕ ነው። ቧንቧውም የራሷ ነው፤ እሱን አልክድም። ረከቦቱ ሳሎኑ ጥግ ላይ ሁለት ሲኒ ብቻ ይዞ ተቀምጧል። ቡና አጣጯ ሌላኛው የከተማ ዳር ደርሷቸዋል፤ ሁለት ታክሲ ነው።

አልተቆጣሁም። በምን አፌ?

ያለፈው እሁድ እናቴ ጋ ሄጄ ከፒያሳ የለቀቁበትን ቀን እንድትነግረኝ ለመንኳት። ሰሃኑን፣ ላይብረሪውን፣ የወደቅሁትን ኮርስ እኔም ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፤ እጄ ቪዲዮ ላይ ተላልጦ አይታው ኖሯል። ከዚያ እሷ ቀጠለች። ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጭኗል። ሹፌሩ ቁጭ ብሎ ሞተሩን አስነስቷል። ስልኳ ጠራ፤ እኔ ነኝ። ትዝ ይለኛል፤ የአጋማሽ ፈተና ውጤት የወጣበት ቀን ነበር። «ምንድነው የሚጮኸው?» ብያት «መኪና ነው» ብላኛለች። እሱስ እውነት ነው። እዚያ ውጤት ከአምስት ነው፤ አምስት የመጨረሻው ጎበዝ ነው።

«አራት አመጣሁ» አልኳት።

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ «አንዷስ የት ሄደች?» አለችኝ።