ከካምፓኒው ደጃፍ የተነሳ ነገር

እሺ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

የፖለቲካ እስልምና (እስልምና መንግስትንም ይምራ የሚለው አስተሳሰብ) ሲባል ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ይሮጣል፣ በረሃ፣ ሰይፍ፣ ግመል። እኔ ግን ዛሬ የምወስዳችሁ ስዊዝ ካናል ዳር ወዳለች ኢስማኢሊያ ነው፣ ስሟ የመጣው ከግብፁ ገዥ ከኬዲቭ ኢስማኢል ነው፣ አዎ ያው እኛ የምናውቀው፣ ጦሩ ጉንደት ላይ ያለቀበት ሰውዬ። እዚያው 1875 ህዳር ላይ፣ ጉንደት በተሸነፈ በቀናት ውስጥ ማለት ነው፣ ዕዳው ስለበዛበት የካናሉን አክሲዮን ለእንግሊዝ መንግስት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። 1882 ላይ እንግሊዝ ራሷ ወታደር ይዛ ገባች፣ ገብታም ቀረች።

አሁን ወደ 1928 እንምጣ። ሐሰን አል-ባና 21 ዓመቱ ነው፣ አባቱ ሰዓት ጠጋኝም የሃይማኖት አዋቂም ናቸው፣ እሱ የአንደኛ ደረጃ የአረብኛ አስተማሪ ሆኖ እዚች ከተማ ተመድቧል። ምን አየ? በአንድ በኩል ካናሉን የሚያስተዳድረው ካምፓኒ የውጭ ሰዎች ቪላ ከነጓሮው፣ በሌላ በኩል የሀገሬው ሰራተኛ ደሳሳ ቤት፣ አጠገቡ የእንግሊዝ ካምፕ። በማስታወሻው እንደጻፈው በአረቡ ሰፈር እንኳን የመንገዱ ታፔላ በፈረንጅ ቋንቋ ነው፣ የመስጊድ መንገድ የሚለው ሳይቀር! ኸሊፋነቱን፣ የሙስሊሙን ዓለም የበላይ መሪነት ማለት ነው፣ አንካራ ያለው የቱርክ መንግስት ገና በ1924 ሰርዞታል። ሰውዬው መስጊድ ብቻ ሳይሆን ቡና ቤት እየገባ ይሰብክ ነበር (ጎበዝ ነው መቼም፣ ሰዉ ያለበት መሄድ)፣ ከዛ 6 ሰራተኞች መጥተው የባዕድ ቅጥረኛ ሆነን ክብር አጣን አሉት፣ ሙስሊም ወንድማማቾች የሚባለው ማህበር በዚህ ተጀመረ።

ሃይማኖቱ ሰበብ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ ከልባቸው ያምናሉ። ግን ቁጣው የዘመኑ ነው፣ ማህበር ማደራጀቱም፣ ትምህርት ቤት መክፈቱም የዘመኑ። የሚያስቀኝ ነገር፣ ለመጀመሪያው መስጊዳቸው ያው ካምፓኒ 500 ፓውንድ ሰጥቷቸዋል።

የሳዑዲው የፖለቲካ እስልምና ሌላ ስር ነው፣ አትደባልቁት። ያ በ1744 መሃል አረቢያ፣ ነጅድ ውስጥ ባለችው ድርዒያ ላይ ሰባኪው ሙሐመድ ኢብን አብዱልወሃብና የከተማዋ ገዥ ሙሐመድ ኢብን ሳዑድ የተዋዋሉት ነው፣ እዚያ ነጭም ካናልም የለም፣ ጥያቄው መቃብር የሚያከብረውን የራሱን የነጅድን ሙስሊም ማጥራት ነበር።

ሁለቱ የተገናኙት በግብፁ መሪ በናስር ጊዜ ነው። ባና 1949 ላይ ካይሮ ውስጥ ተገደለ፣ 1954 ናስር ላይ ከተተኮሰ በኋላ በወንድማማቾቹ ላይ እስሩ በረታ፣ የማህበሩ አሳቢ ሰይድ ቁጥብ 1966 ተሰቀለ፣ ያመለጠው አመለጠ፣ ሳዑዲ ደግሞ ከናስር ጋር ተኳርፋለች፣ የነዳጅ ብር አላት፣ ዩኒቨርሲቲ እየከፈተች ነው፣ አስተማሪ ትፈልጋለች። የሰይድ ወንድም ሙሐመድ ቁጥብም በ70ዎቹ ከእስር ሲወጣ ሳዑዲ ሄዶ መካ ላይ ቾክ ያዘ።