«ጎ» ለምን ተጨማደደች? የጥልፍ ነጥቦች አያያዝ

[ስክሪኑ ላይ፦ «ጎጃም» ተብሎ የተጠለፈበት ኮፍያ። ካሜራው ወደ «ጎ» ይጠጋል።]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እስቲ ይቺን «ጎ» ተመልከቷት። አናቷ ላይ ያለችው ቀለበት አይጥ የበላው ዳቦ አትመስልም? ደብረ ማርቆስ ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን የጠለፍኳት ናት። ያኔ በክሩ አማረርኩ፣ መርፌ ቀየርኩ፣ ማሽኑን ዘይት አጠጣሁት። ጥፋቱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ፣ የገዛ እጄ ሥራ ነበር።

[ዊልኮም፣ የጥልፍ መንደፊያው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ይከፈታል]

ፊደሏን እንምረጥና ኪቦርዱ ላይ «ኤች»ን እንጫን። ሪሼፕ፣ ማለትም ቅርጽ ማስተካከያው ውስጥ ገባን። ዙሪያዋን የተለጠፉት ምልክቶች ኮንትሮል ፖይንት ይባላሉ፤ እኛ ሱቅ ውስጥ ነጥብ ነው የምንላቸው። አራት ማዕዘን የሆነችው የጥግ ነጥብ ናት፣ መስመሩን ትሰብረዋለች። ክቧ የኩርባ ነጥብ ናት፣ ታጎብጠዋለች።

አሁን የቀለበቷን የውጭ ጠርዝ አብረን እንቁጠር... 19! ለእንዲህ ያለች ክብ 4 የኩርባ ነጥብ ይበቃታል፦ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ሳቲን ስፌት ከዳር እዳር ይመላለሳል፤ በክርና ክር መካከል ያለው 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። መርፌው ጠርዙን የሚወጋው በየክሩ ስለሆነ፣ አንዲት ነጥብ ትንሽ ፈንገጥ ካለች አምስት ስድስት ክር አስከትላ ትወጣለች። የተበላው ዳቦ ከዚህ መጣ።

ትርፎቹን እንምረጥና ዲሊት።

[ጠርዙ ይለሰልሳል]

አያችሁ? ምንም ሳንጎትታት ተስተካከለች።

የሀበሻ ቀሚስ መስቀል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጥጉ ላይ የኩርባ ነጥብ ከገባ መስቀሉ አበባ ይሆንላችኋል፤ ይህን ደግሞ የትኛዋም ሙሽራ አትምርም። ነጥቧን መርጣችሁ ስፔስ ባር ስትጫኑ ኩርባው ወደ ጥግ ይቀየራል። አዲስ ስትጨምሩ ግራ ክሊክ ጥግ፣ ቀኝ ክሊክ ኩርባ። እኔ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይምታታብኛል።

በሉ መብራት ሳይሄድብን ሴቭ እናድርግ። ዋናው ፋይል በኢኤምቢ፣ በዊልኮም በራሱ የፋይል ዓይነት ይቀመጥ፤ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ዲኤስቲ የሚባለው ፋይል ነው። ዲኤስቲ መርፌው የት የት እንደሚወጋ እንጂ እነዚህን ነጥቦች አይዝም። ደንበኛዋ ከፋሲካ በኋላ ተመልሳ «መስቀሉ ትንሽ ሾል ይበልልኝ» ስትላችሁ ኢኤምቢው ከሌለ፣ ያው እንደገና ከባዶ መሳል ነው።