በሐረር ጁገል የግል የፎቶ ቀጠሮ እንዴት ይያዛል?

(ምስል፦ ማለዳ። ሰው ያልበዛበት ጠባብ መንገድ፤ በግራ አረንጓዴ፣ በቀኝ ሮዝ ግድግዳ።)

ጤና ይስጥልኝ። ሐረርን ለመጎብኘት የሚነሡ ብዙ ሰዎች፣ ሙሽሮችም ሆኑ ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጡ ቤተሰቦች፣ ከጉዞው ጋር አብረው የሚያስቡት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሺ ቀጥረው በጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ውስጥ ለራሳቸው የሚሆን ፎቶ መነሣት ነው። በዚህ ማብራሪያ ቀጠሮው እንዴት እንደሚያዝ፣ በየትኛው ሰዓት የትኛው ቦታ እንደሚመረጥና ውሉ ምን ምን መያዝ እንዳለበት እንመለከታለን።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን ሐረርን ከሌሎች ታሪካዊ ከተሞቻችን የሚለያትን ነገር ላስረዳ። ጎንደር ፋሲል ግቢ ሲሄዱ በር ላይ ትኬት ይቆርጡና ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ግንቡ የሚኖርበት ሰው የለምና ማንንም ሳያስቸግሩ ፎቶ መነሣት ይችላሉ። ጁገል እንዲህ አይደለም። ከኋላዎ የሚታየው ሰማያዊ ግድግዳ የአንድ ቤተሰብ የግቢ አጥር ነው፤ በዓል ሲቃረብ ቀለም የሚያድሱት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ የተደገፉበት በር ደግሞ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚገቡበት በር ነው። ስለዚህ በሐረር የፎቶ ቀጠሮ የሚያዘው ከፎቶ አንሺው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩ ሰው ጋርም ነው። ይህን ሳያስቡ የሚመጡ ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩ ወይም በሻሽ የተሸፈኑ ሰዎች የሞሉበት ፎቶ ይዘው ሲመለሱ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም አዝናለሁ፤ ምክንያቱም የሐረር ሰው ሰላምታ ለሰጠውና ላስፈቀደው እንግዳ በሩን ለመክፈት የማይሰስት ሰው ነው።

(ምስል፦ የጁገል ግንብ ከውጭ ሲታይ፤ በግንቡ ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ።)

ጁገል የምንለው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞረውን የድንጋይ ግንብና ግንቡ ያቀፈውን አሮጌ ከተማ ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በግንቡ ሥር ደግሞ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው፣ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል የሚሏቸው ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ስፍራዎች እንዳሉ በዚሁ መዝገብ ሰፍሯል። በውስጧ የሚተላለፉት ጠባብ መንገዶች 368 እንደሆኑ ይነገራል። ይህን ቁጥር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግማሽ ቀን ሁሉን ቦታ አዳርሳለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ከመንገድ ወደ መንገድ ሲሮጥ ላብና ድካም ያለበት ፊት ይዞ ይቀራል። በአንድ ቀጠሮ ሦስት ቦታ በቂ ነው።

ፎቶግራፍ ለሐረር እንግዳ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር በንግድ ሥራ ላይ ሳለ ካሜራ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ፎቶ አንሥቶ ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ ጥሩ ስላልነበረ ፎቶዎቹ ነጣ ብለው እንደ ወጡም በደብዳቤው ገልጿል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ውስጥ የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ተሰቅለው ይታያሉ። ከፎቶ ቀጠሮዎ በፊት ባለው ቀን ይህን ቤት ከፎቶ አንሺዎ ጋር ቢጎበኙ መልካም ነው፤ የከተማዋ ሰዎች በየበሩና በየገበያው እንዴት ይቆሙና ይቀመጡ እንደነበር ማየት፣ እርስዎም በዚያው መንገድ ላይ እንዴት ቢቆሙ እንደሚያምርብዎት ያስተምራል።

አሁን ወደ ቅጥሩ እንምጣ። ፎቶ አንሺውን ከሐረር ወይም ከድሬዳዋ መቅጠር ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ ይዘው የሚሄዱም አሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ባለሙያ ሥራ ስለሚወዱት ከመረጡት፣ ከክፍያው በተጨማሪ የጉዞውን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ እንደሚሸፍኑ ከወዲሁ ያስቡ፤ የአውሮፕላኑ ጉዞም የሚያበቃው ድሬዳዋ ላይ ስለሆነ ከዚያ ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚሆን የመኪና መንገድ ይቀራል። የእኔ ምርጫ የከተማዋ ልጅ የሆነ ባለሙያ ነው፤ የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ያውቃል፤ በየበሩ ደጃፍ የተቀመጡትንም በስማቸው ይጠራል። በማንኛውም ሁኔታ ግን ባለሙያው በፌስቡክ ወይም በኢንስታግራም የለጠፋቸውን የተመረጡ ፎቶዎች ብቻ አይተው አይወስኑ። ከአንድ ደንበኛ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራውን ሙሉ ሥራ፣ ደንበኛው ፈቃደኛ ከሆነ፣ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። አሥር ጥሩ ፎቶ ከማንም እጅ ሊወጣ ይችላል፤ የባለሙያው ልክ የሚታወቀው በመቶኛው ፎቶ ላይ ነው።

ቀጠሮ ሲይዙ ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት የሰዓቱን አቆጣጠር ነው። ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ ከፎቶ አንሺ ጋር በጽሑፍ መልእክት ስትነጋገር «6:30» ብላ ጻፈች፤ እርሷ ያሰበችው ፀሐይ የምትወጣበትን ጊዜ ነበር። ፎቶ አንሺው በእኛ አቆጣጠር ተረድቶት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። እርሷ ከንጋት ጀምሮ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ልብሷን ለብሳ ስትጠብቅ ዋለች፤ በመጨረሻ የተነሣችው ፎቶ ዓይኖቿ በጥላ የተዋጡበት ሆነ፤ በማግስቱም ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበረባት። ጥፋቱ የሁለቱም አልነበረም። «ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ኖሮ ግን ሁሉ ነገር ይድን ነበር። ቀኑንም እንዲሁ በወሩ ስም ይጻፉ፤ «12/5» የሚለው ጽሑፍ ለአንዱ ጥር 12 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለሚያነብ ሰው ግን ሜይ 12 ወይም ዲሴምበር 5 ሊሆን ይችላል።

(ምስል፦ አንዲት ሴት ከአረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ፤ ፊቷ በቅርበት። ከዚያ ያው ፊት፣ ነጠላ በአጠገቧ ተዘርግቶ።)

ስለ ብርሃኑ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የፎቶው መልክ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለምትገኝ ፀሐይ በሐረር 13 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትወጣለች፤ በዚያው ልክ ቀድማ ትጠልቃለች። ስለዚህ በአዲስ አበባ የለመዱትን የማታ ሰዓት ይዘው ከሄዱ ያ ወርቃማ ብርሃን ያመልጥዎታል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት በጣም ጥሩው ጊዜ ነው፤ መንገዱም ገና አልተጨናነቀም። ወደ ቀትር ሲቃረብ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ትሆንና በጠባቡ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ግማሽ ፊት ይነዳል፤ ግማሹ ይጠቁራል። በዚያ ሰዓት ጥላ ያለበትን መንገድ መምረጥ ግድ ነው።

በጥላ ውስጥ ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የጁገል ግድግዳ ቀለም ፊት ላይ ይተላለፋል። ከአረንጓዴው ግድግዳ አጠገብ ከቆሙ ከግድግዳው ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን አገጭዎንና ጉንጭዎን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ በዓይን ሲያዩት እምብዛም አይታወቅም፤ ካሜራው ግን አይምርም። ይህን በኮምፒዩተር አስተካክላለሁ የሚል ፎቶ አንሺ ፊቱን ሲያቀና ግድግዳውን ያበላሸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከግድግዳው ሁለትና ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ መቆም፣ ያ ካልተቻለ ደግሞ አብሮ የመጣ ሰው ነጭ ነጠላ በጎን በኩል ዘርግቶ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ንጹሕ ነጭ ነጠላ በሺህ ብር ከሚገዛ የብርሃን ማንጸባረቂያ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል። ሮዝና ቢጫ ግድግዳ በአንጻሩ ለእኛ የቆዳ ቀለም ሙቀት ይጨምራልና እንዲያውም ይመረጣል።

የልብሱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ግድግዳው ራሱ ባለ ብዙ ቀለም ስለሆነ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ይሻላል፤ መንገዱም ኮረብታማና ድንጋያማ ስለሆነ ባለ ተረከዝ ጫማ በእጅ ይያዝ እንጂ በእግር አይኬድበትም።

(ምስል፦ መኪና ግርግር። የስፌት መኪና ድምፅ።)

የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ ሐረሮች በመኪናዎቹ ድምፅ ምክንያት መኪና ግርግር ብለው ይጠሩታል። ብዙ ጎብኚ እዚህ ፎቶ መነሣት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ አብሬው የሄድኩት ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን አቁሞ፣ ከኋላቸው የተቀመጡትን አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሳያስፈቅድ ማንሣት ጀመረ። አባታችን ምንም አልተናገሩም፤ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ፤ የሚሰፉትንም ጨርቅ ወደ ፊታቸው ከፍ አደረጉ። መኪናው ዝም ሲል መንገዱ ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ። ሙሽራው ገብቶት ወደ እርሳቸው ሄደና «አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሳንጠይቅ ነው የጀመርነው» አላቸው። ከዚያም የሱሪውን ጫፍ አሳይቶ እንዲያሳጥሩለት ጠየቃቸው፤ የጠየቁትን ዋጋም ከፈለ። እየሰፉለት ሳለ ሙሽራዋ ሳቀች፤ እርሳቸውም ሳቁ። ከዚያን ቀን ሥራ ሁሉ ሙሽሮቹ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ያንን ፎቶ ነው።

የባህላዊ ሐረሪ ቤት ውስጥ ለመነሣት የሚፈልጉ ደግሞ ከባለቤቶቹ ጋር በአስጎብኚ ወይም በፎቶ አንሺው በኩል ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መነጋገር አለባቸው። አንዳንዶቹ ቤቶች እንግዳ ስለሚያሳድሩ ነገሩ ቀላል ይሆናል። በውስጥ የሚያዩት ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው ቀይ መቀመጫ ነደባ ይባላል፤ እያንዳንዱ ደረጃም ማን እንደሚቀመጥበት ወግ አለው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው «እዚያ ላይ ውጡና ተቀመጡ» ሲል ዝም ብለው አይውጡ፤ የቤቱን እመቤት ጠይቀው እርሷ ባሳየችዎ ቦታ ይቀመጡ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ግድግዳውን የሸፈኑት ስፌቶችና ሳህኖች የቤተሰብ ቅርስ ናቸውና ለፎቶ ተብለው አይወርዱም። ቤቱ ውስጥ ብርሃኑ የሚገባው በአብዛኛው በበሩ በኩል ስለሆነ ፊትዎን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጡ፤ ፍላሽ አያስፈልግም። ለቤቱ ባለቤቶች የሚሰጠው ክፍያ ከፎቶ አንሺው ክፍያ ተለይቶ በእጃቸው ይሰጥ።

በመስጊዶችና በአውሊያ ስፍራዎች ግን ሕጉ ሌላ ነው። እንደ አው አባድር ባሉት ስፍራዎች ሙሪዱን፣ ማለትም የስፍራውን ጠባቂ፣ ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማውጣት አይገባም፤ ሙሪዱ አይሆንም ካለም ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። በገበያ ውስጥም ሸቀጣቸውን ዘርግተው የተቀመጡ እናቶችን ከሩቅ በትልቅ ሌንስ መስረቅ ነውር ነው። ድሮን ለማብረር ያሰበ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ከውጭ አገር ያለ ፈቃድ ይዘውት የመጡት ድሮን ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል።

የማታው የጅብ ትርዒት ላይ መነሣት የሚፈልጉ ካሉ፣ ፎቶ አንሺው ጨለማን የሚችል ሌንስ እንዳለው ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ። በቦታው ያለው ብርሃን የመኪና መብራት ከሆነ መኪናው በጎን በኩል እንዲቆም ከሹፌሩ ጋር ይነጋገሩ፤ ከፊት ለፊት ከሆነ ዓይንዎን ያስጨፍንዎታል። የጅቦቹን መጋቢ ትእዛዝ ከፎቶ አንሺው ትእዛዝ አስበልጠው ይስሙ።

በመጨረሻም ውሉ። የታወቀ ሰው ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን፤ በቴሌግራም የተላከ ጽሑፍም ከቃል ይሻላል። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ዝናብ ከዘነበ ወይም ከታመሙ ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፍ እንደሆነ፣ ስንት የተስተካከለ ፎቶ እንደሚረከቡና በስንት ቀን እንደሚረከቡ ይጻፍ። ፎቶ አንሺው ሥራውን በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ይችል ወይም አይችል እንደሆነም ይወሰን፤ በተለይ ሕፃናት ካሉበት ይህን አይተዉት። ከከተማው ከመውጣትዎ በፊት በዚያው ቀን የተነሡት ፎቶዎች በሙሉ በሁለት ቦታ መገልበጣቸውን በዓይንዎ ይዩ፤ አንዱ በፎቶ አንሺው ኮምፒዩተር ላይ፣ ሌላው እርስዎ ይዘውት በሚሄዱት ፍላሽ ዲስክ ላይ። በኢንተርኔት እልካለሁ የሚለው ተስፋ መብራት በጠፋ ቁጥር ይዘገያል።

በውሉ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመርም እመክራለሁ፤ በፎቶው ውስጥ ለገቡት የሰፈር ሰዎች፣ ለልብስ ሰፊውም ሆነ ለቤቱ እመቤት፣ አንድ አንድ ፎቶ በወረቀት ታትሞ እንዲደርሳቸው የሚል ነው። ሒሳቡን አብረው ይክፈሉ፤ የማድረሱን ሥራ የከተማዋ ልጅ የሆነው ፎቶ አንሺ በእግሩ እየሄደ ይጨርሰዋል።