ጣራው ለምን ከፍ አለ? ኬሬ፣ ዞማ እና የኛ ጭቃ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጎንደር ነው የማወራችሁ። የዛሬው ስለ ሁለት የጭቃ ሥራዎች ነው፤ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

አንደኛው የፍራንሲስ ኬሬ ነው። የቡርኪና ፋሶ ልጅ፣ አርክቴክቸር የተማረው በርሊን። በ2022 የአርክቴክቸር ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። ወሬው ሁልጊዜ እዚህ ሽልማት ላይ ያልቃል። እኔን የሚገርመኝ ጣራው ነው።

በተወለደበት መንደር፣ በጋንዶ፣ በ2001 ያለቀ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ ከገባበት አፈር በተጨመቀ ጡብ የተሠራ ነው። ኮርኒሱም ጡብ ነው፣ ግን አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ተትቶለታል። ከዚያ በላይ ከተራ ፌሮ የተበየደ ድጋፍ ይነሳና ቆርቆሮውን ይሸከማል። ቆርቆሮና ኮርኒስ አይነካኩም። ፀሐይ ያጋለችውን ሙቀት በመሃል የሚያልፈው ነፋስ ይጠርገዋል፤ ከክፍሉ የሚነሳው ሞቃት አየርም በኮርኒሱ ክፍተት ሽቅብ ይወጣል። ፌሮው ደግሞ ለውበት አልተመረጠም። ክሬን በሌለበት የመንደሩ ሰው በእጅ መጋዝና በትንሽ የብየዳ ማሽን ሊሠራው ይችላል።

ታዲያ ይህን ጣራ እንዳለ አምጥቶ እዚህ መትከል? እኔ አልመክርም። ጋንዶ ሐሩር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የሐምሌ ዝናብም በነፋስ ተገፍቶ በጎን ይገባል። ከኬሬ የሚወሰደው ሌላ ነው፦ ጣራው ከግድግዳው ርቆ መውጣቱ። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ከጣራ የወረደ ውሃ መሬት መትቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን ታች ይበላዋል። ስለዚህ የድንጋዩ መሠረት ቢያንስ እስከ ጉልበት ይውጣ።

ሁለተኛው ዞማ ሙዚየም ነው፤ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ፣ በ2019 የተከፈተ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው ያቆሙት። ኤልያስን ዓለም የሚያውቀው በተጣለ ማዘርቦርድና በተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚሠራቸው ትልልቅ ሰሌዳዎች ነው። ዞማ ላይ ግን ያው እጅ ጭቃና ጭድ ይዞ ግድግዳውን በቅርጽ ሞልቶታል። አያቶቻችን በልተውበት ያደሩበት ጭቃ ነው እንግዲህ!

አሁን ወደ ጭቃው። ዋልካ አትጠቀሙ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ፈልጉ፣ የላይኛውን ሥር ያለበትን አንሱት። በሃይላንድ ሲሶ ያህል አፈር አድርጉ፣ ውሃ ሙሉበት፣ በደንብ ናጡና እስከ ነገ ተዉት። አሸዋው ከታች፣ ልሙ ሸክላ ከላይ ይዘቅጣል። የላይኛው በጣም ከወፈረ አሸዋ ጨምሩ። ከዚያ የጤፍ ጭድ ነስንሶ መርገጥ፣ ሸፍኖ ጥቂት ቀን ማቡካት፣ ደግሞ መርገጥ። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት ይግባ፤ እሱ ሳይደርቅ ልስኑን አትጫኑበት።

ትልቁ ጥፋት በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለሰን ሲሚንቶ ነው። ሰፈር ውስጥ ዞር ብትሉ ታዩታላችሁ፦ እንደ ልጥ እየተገነጠለ የሚወርድ ግራጫ ልስን፣ ከኋላው ደግሞ እርጥብ፣ የሚፈረፈር ጭቃ። ሲሚንቶው ግትር ነው፣ ከጭቃው ጋር አብሮ አይሰፋም፣ አይጠብም። የገባውን እርጥበትም አያስወጣም። የፋሲል ግንብም ከዚህ አላመለጠም። ግንቡ ድንጋይና ኖራ ሆኖ ሳለ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑ ቦታዎች ነበሩ፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመለሱ።

ቤታችሁ ላይ ይህ ልስን ካለ፣ የለቀቀውን ብቻ አንሱ። አጥብቆ የያዘውን በመሮ ብትመቱት ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። የተጋለጠውን ቦታ ጫር ጫር አድርጉ፣ ውሃ እርጩበት፣ ከዚያ በስሱ ምረጉ። ክረምት ላይ አትጀምሩ፤ ጥቅምት ጥሩ ነው፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ከሆነ እርጥብ ጆንያ አልብሱት።