አማልና ግሪካዊቷ ጎረቤቷ

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ!

እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችንም፣ እንኳን መጣችሁ።

አምና ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ወርውራ «እማ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው አያምኑኝም» አለችኝ። ሂጃብ ስላደረገች ሌላ አገር ይሰጧታል። እኔንም እዚህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር እንጀራ ልገዛ ስገባ «አማርኛ ትችያለሽ እንዴ?» ያሉኝ አሉ። ደሴ ተወልጄ፣ በአማርኛ መንዙማ ያደግሁ ሰው ነኝ! ለልጄ የምመልስላት አጣሁ። መጽሐፍ ሰጠኋት።

መጽሐፉ የራንዳ አብደል-ፋታህ ነው። ራንዳ አውስትራሊያ ነው የተወለደችው፤ አባቷ ፍልስጤማዊ፣ እናቷ ግብፃዊት ናቸው። ልብወለዱ በፈረንጆቹ 2005 ወጣ። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «በዚህ ጭንቅላቴ ትልቅ ይመስላል?» እንደማለት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ ሜልበርን ነው። አማል የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ሂጃብ ለማድረግ ትወስናለች። ያስገደዳት የለም። እንዲያውም ወላጆቿ ይጨነቁላታል። ታዲያ አማል የምታስበው ስለ ሂጃቧ ብቻ አይደለም። ፈተና አለባት፣ ጓደኞች አሏት፣ ልቧ የከጀለው ልጅም አለ። ልጄ «እንደኔው ናት» አለችኝ።

እኔን የያዘችኝ ግን ጎረቤቷ ናት፣ ወይዘሮ ቫሴሊ። ግሪካዊት ናቸው፣ ኦርቶዶክስ፣ ብቸኛና ቁጡ አሮጊት። ልጃቸው ሃይማኖቱን ስለቀየረ ተቆራርጠዋል። አማል ግን ቤታቸው ትገባለች፣ ታጫውታቸዋለች፣ ይላመዳሉ። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩትና አለቀስኩ። ደሴ የጎረቤታችን እማማ ትዝ አሉኝ። ለፋሲካ ዶሮውን በህይወቱ ይልኩልን ነበር፤ አባቴ በእጁ አርዶ እኛም እንድንበላ። እናቴ ደግሞ በረመዳን ሳምቡሳ ሳትልክላቸው አታፈጥርም።

ይሄ የደሴው የእኛ ታሪክ ግን በልጆቻችን ዕድሜ ላለ አንባቢ ሲጻፍ አላየሁም። ማን ይጻፈው? ራንዳ የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈችው በ15 ዓመቷ ነው። ልጆች፣ ስሙኝ፤ እናንተም በዚያው ዕድሜ ናችሁ። አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ቀላቅላችሁ ጻፉት፤ ቤታችን የሚወራው እንደዚያው ነው።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጄ መጻፍ ስትጀምር «የቤታችንን ጉድ አትጻፊ፣ ሰው ምን ይላል» አልኳት። ደብተሯን ለሁለት ወር ደበቀችኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። እባካችሁ እናንተ አትድገሙት።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተሮች አሉ፤ ልጆች፣ አንድ አንድ ውሰዱ። ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ስለ አንድ ጎረቤታችሁ ንገሯቸው። ስሙን፣ የበሩን ቀለም፣ ቤቱ ምን ምን እንደሚሸት።

ልጄ የእማማን ዶሮ ጽፋዋለች። ነይ እናቴ፣ አንብቢላቸው።