የተቆረጠውን መቀጠል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ራሴ ነው። ወንዶች ቡና ላይ ስንሰበሰብ የማናነሳው ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አመንትቻለሁ።

የዛሬ 11 ዓመት ቫሴክቶሚ፣ ማለትም ወንድ እንዳያስወልድ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና፣ አስደረግኩ። እዚሁ ሜሪላንድ። ያኔ የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ፤ ይበቃናል ብለን ተስማማን። ከዚያ ትዳሩ ፈረሰ። ዓመታት አለፉ፣ እንደገና አገባሁ። ባለቤቴ 36 ዓመቷ ነው፣ አልወለደችም። ልጅ ትፈልጋለች። እኔም ከእሷ እፈልጋለሁ።

አገር ቤት ላለው ወንድሜ ስነግረው "ተኮላሸህ ማለት ነው?" አለኝ። ደንግጦ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን አይደለም። የዘር ፍሬው ሆርሞኑንም ስፐርሙንም ማምረቱን ይቀጥላል። የሚቆረጠው ስፐርሙን የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። መልሶ መቀጠል የሚቻለውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ መቁረጡ ቀላል ነው፤ መቀጠሉ ግን እኔ ላይ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ነው የሚሰፉት።

ሐኪም ቤት ስንሄድ እኔ የጠየቅኩት "ይከፈታል ወይ?" ብቻ ነው። ባለቤቴ ናት "ተከፍቶስ፣ እርግዝና ይመጣል?" ያለችው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ይህን ሳያውቅ የሚገባ ወንድ እንዳይኖር እፈልጋለሁ። በፈረንጆቹ 1991 እዚህ አሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ቫሴክቶሚው ከተደረገ 3 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ውስጥ 97 ከመቶው ስፐርም ተመልሶላቸዋል፤ እርግዝና ያገኙት ግን 76 ከመቶ ናቸው። ከ9 እስከ 14 ዓመት የቆዩት ላይ፣ እኔም እዚያ ውስጥ ነኝ፣ ቁጥሩ 79 እና 44 ይሆናል። 44 የሚለውን ስሰማ የባለቤቴን እጅ ያዝኩ።

ሌላም መንገድ አለ። ስፐርሙን በቀጥታ ከዘር ፍሬው በመርፌ ወስዶ፣ ከእሷ እንቁላል ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ማዋሃድ። የሴቷ ዕድሜ ገፋ ካለ ይሄኛው ሊሻል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተመረመረችው እሷ ናት። ውጤቷ ጥሩ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔ ቀዶ ሕክምናውን የወሰንኩት። ኢንሹራንሴ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ለመሬት ያጠራቀምነው ብር ነው የሄደው።

ሐኪም ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ሁለቱንም የመቀጠያ ዓይነት ትሠራለህ?" ምክንያቱም የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው የቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ነው። ቱቦውን ከፍተው የሚወጣውን ፈሳሽ ያያሉ። በቀኝ በኩል ጥርት ያለ ነበር፣ ስፐርምም ተገኘበት፤ ቱቦውን ከቱቦው አገናኙት። በግራ ግን ወፍራም ሊጥ የመሰለ ነገር ወጣ፣ ስፐርም የለውም። ዓመታት በቆየ ግፊት ከላይ ሌላ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቱቦውን ከዘር ፍሬው ጀርባ ከተጠመጠመው፣ ስፐርም ከሚበስልበት ኤፒዲዲሚስ ጋር ቀጠሉት። ይህ በጣም ከባዱ ነው፤ ስፐርሙም ቆይቶ ነው የሚመለሰው። ሐኪሜ ይህን ባይችል ኖሮ ግራዬ እዚያው ያበቃ ነበር። ከቀኝ ያገኙትን ስፐርም ደግሞ ለመጠባበቂያ አቀዘቀዙልን።

ማገገሙ? ሕመሙ ከፈራሁት ያነሰ ነው። ሁለት ቀን በረዶ፣ ከዚያ ለሳምንታት ጥብቅ ያለ የውስጥ ሱሪ። ያበጠውና የጠቆረው በሁለት ሳምንት ለቀቀ። ለአራት ሳምንት ዕቃ ማንሳት የለም፣ ግንኙነት የለም። የተሠራሁት በደብረ ዘይት ሳምንት ስለነበር ጾሙ አግዞኛል። ሕማማት ሲደርስ ግን ሐኪሙ ስግደት ከለከለኝ። ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንድ አባት ቀርበው "ልጄ፣ አመመህ?" አሉኝ። "ቀዶ ሕክምና ነው አባቴ" አልኩ፣ የምን እንደሆነ መናገር ግን አልቻልኩም። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን እያሰብኩ ነው።

የከበደኝ መጠበቁ ነው። በሁለተኛው ወር የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሰጠሁ፤ ዜሮ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞተር ማስነሳት አቃተኝ። አንድ ስፐርም ተመርቶ እስኪያልቅ ብቻ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ሐኪሙ ነግሮኛል። ልቤ ግን አልሰማም። ደግሞም ስፌቱ ጠባሳ ሠርቶ መልሶ ሊዘጋ ይችላል። ባለቤቴ ማታ ወረቀቱን አየችና "ዓመት እንጠብቃለን አላልንም?" ብላ እራት አቀረበች።

በአምስተኛው ወርም ዜሮ።

ሦስተኛውን ባለፈው ሳምንት ነው የሰጠሁት፣ በስምንተኛው ወር። ስፐርም አለ። ጥቂት ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ሥራ ላይ እያለች ደወልኩላት። ዝም አለች። ከዚያ "ቁጥሩን ድገምልኝ" አለች። ደገምኩላት። እንደገና "ድገምልኝ" አለች።

ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ምርመራ አለኝ። ደህና ሁኑ።