ያቺ የተሰረዘች መስመር
(ለሥነ ፈለክ ክበባችን ዓመታዊ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

ውድ የክበባችን አባላት፣ ወላጆች፣ እንግዶቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ታይታን አውራ ተብዬ ነው የመጣሁት። አወራለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ሳልናገር ግን ከዚህ አልወርድም።

ታይታን የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ናት። ሐይቆቿ የፈሳሽ ሚቴን ናቸው። ታይታን ላይ የምታርፈው የአውሮፓዋ መንኮራኩር ሀይገንስ፣ ካሲኒ የምትባል ትልቅ መንኮራኩር ላይ ታዝላ በፈረንጆቹ 1997 ወደዚያ ተነሳች።

ልብ በሉ። ሀይገንስ የምታየውን በሬዲዮ የምትነግረው ለካሲኒ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ይህ ግንኙነት ሙሉ ሙከራ ይደረግለት ተብሎ ነበር። ወጪው ይበዛል ተባለና ቀረ። ቦሪስ ስሜድስ የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ግን ነገሩ ከነከነው። አሁንም ቢሆን ይሞከር እያለ ወተወተ። መጀመሪያ አልሰሙትም። በ2000 ተፈቀደለትና ከካሊፎርኒያ የሀይገንስን የሚመስል ምልክት ወደ ካሲኒ ተላከ። የመጣው መረጃ ብትንትኑ የወጣ ነበር!

አምቡላንስ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያልፍ ይወፍራል አይደል? ሬዲዮም እንደዚያው ነው። የካሲኒ መቀበያ ያንን ለውጥ አይችለውም ነበር። ወርዶ አይጠገን ነገር፣ ሰማይ ላይ ነው። ስለዚህ ለውጡ እንዲቀንስ መንገዱን ቀየሩት። ከታይታን በ1,200 ኪሎ ሜትር ልታልፍ የነበረችው ካሲኒ በ60 ሺህ ገደማ ርቀት እንድታልፍ ተደረገ።

ይኼ ሁሉ ተለፍቶም፣ ሀይገንስ ጃንዋሪ 14 ቀን 2005 ስታርፍ ከሁለቱ የሬዲዮ መስመሮች የአንዱ መቀበያ አልበራም። አብሪ የምትለዋ ትእዛዝ ከዝርዝሩ ተዘንግታ! 350 ያህል ፎቶ በዚያው ቀረ።

ሳቃችሁ አይደል? አምና ፊኛችን ወጥታ ሬዲዮዋ ጭጭ ሲል ማን ሳቀ? ማብሪያውን ማንም አልነካውም ነበር። እኔም ጭምር።

ዘንድሮ የፊኛችን ዕቅድ ላይ «የሙከራ ቀን» ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቴም ተሰረዘ። ብር የለም ተባልኩ። ለቲሸርት አለ! ለድንኳን አለ! እኔ እናንተ ላይ የምጮህበትን ማይክ ለመከራየት እንኳ አለ!

ሰዓቴ አልቋል፣ ድራጎንፍላይን ቶሎ ልበላችሁ። ናሳ በ2028 ወደ ታይታን ሊልካት ያቀዳት፣ ስምንት ፕሮፔለር ያላት ትልቅ ድሮን ናት። በ2034 ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል። ትእዛዝ እዚያ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ብትወድቅ ወሬው የሚሰማው ከወደቀች በኋላ ነው።

የእኛ ፊኛ ግን የምትነሳው ከዚሁ ከጓሯችን ነው። አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጡኝ። ያቺ መስመር ካልተመለሰች ዕቅዱ ላይ አልፈርምም።